የጋራ ክፍል ሲታወክ፦ በኦንላይን አገልግሎት ላይ የሚያጋጥም እክል ከየት እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚፈታ

የመንግሥት አገልግሎት ከመስኮት ወደ ስክሪን የሚያደርገው ሽግግር ባለፉት ጥቂት ዓመታት እየሰፋ መጥቷል። የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለፋይዳ መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። በዚህ ሂደት ተገልጋዩ ከወረፋና ከመመላለስ እፎይታ ማግኘት ጀምሯል። ከዚሁ ጋር ግን ቀድሞ የማያውቀው አዲስ ዓይነት ችግር ገጥሞታል። ይኸውም ስክሪኑ «ያስገቡት መረጃ ትክክል አይደለም» ብሎ ሲመልሰው ስሕተቱ የራሱ ይሁን፣ የስልኩ ይሁን፣ ወይስ የሥርዓቱ ይሁን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው።

በመስኮት አገልግሎት ጊዜ ተገልጋዩ ባለሙያውን ፊት ለፊት ጠይቆ የጎደለውን ይረዳ ነበር። ስክሪን ግን በአንዲት ቀይ መስመር ብቻ ይመልሳል። በመሆኑም ብዙ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ጉዳዩን ይተዋል፤ ወይም በማያውቀው ሰው እጅ የይለፍ ቃሉን አሳልፎ ይሰጣል። ይህ ሐተታ በኦንላይን አገልግሎቶች ላይ ከሚያጋጥሙ እክሎች መካከል በርካታ አገልግሎቶች በጋራ ከሚጠቀሙባቸው የፖርታል ክፍሎች የሚመነጩትን ይመለከታል። እክሎቹ እንዴት እንደሚለዩ፣ እንዴት እንደሚፈቱ፣ እንዲሁም የተገልጋዩና የተቋማቱ ድርሻ ምን እንደሆነ ያብራራል።

የጋራ ክፍል ምንድን ነው?

የአገልግሎት ፖርታል ለተመልካቹ አንድ ወጥ ገጽ ይምሰል እንጂ የተሠራው ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች ተገጣጥሞ ነው። የመግቢያና የይለፍ ቃል ቦታ፣ የትውልድ ቀን መሙያ፣ የስልክ ቁጥር ማረጋገጫ፣ ሰነድ መጫኛ እና የክፍያ ማስፈጸሚያ ለየብቻቸው የተዘጋጁ ክፍሎች ናቸው። በሶፍትዌር ሙያ እነዚህ ኮምፖነንት ይባላሉ። አንድ ጊዜ ተሠርተው በብዙ አገልግሎቶች ውስጥ ደጋግመው ስለሚገቡም በዚህ ጽሑፍ «የጋራ ክፍል» ተብለው ተጠርተዋል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። በጃቫ ቋንቋ ለሚሠሩ ፖርታሎች ፖርትሌት የተሰኙ ተገጣጣሚ ክፍሎች የሚመሩበት የመጀመሪያው የጋራ መስፈርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር።

ነገሩን በብሎኬት ሥራ መመሰል ይቻላል። ከአንድ ቅርጽ የሚወጣ ብሎኬት ሁሉ እኩል ነው። ቅርጹ ቀጥ ያለ ከሆነ ብዙ ቤት በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ይገነባል። ቅርጹ ከተጣመመ ግን ከእርሱ የወጣው ሁሉ ይጣመማል። የጋራ ክፍልም እንዲሁ ወጪን ይቀንሳል፤ ተገልጋዩም በአንዱ አገልግሎት የለመደውን በሌላውም እንዲያገኝ ያደርጋል። በአንጻሩ በአንድ የትውልድ ቀን መሙያ ውስጥ የገባ ስሕተት በንግድ ፈቃድም፣ በጡረታም፣ በትምህርት ማስረጃም በአንድ ጊዜ ይታያል። በመሆኑም እያንዳንዱ ተገልጋይ የግሌ ነው ብሎ የያዘው ችግር በአብዛኛው የብዙዎች ችግር ሆኖ ይገኛል።

ከሌሎች አገሮች የተገኙ ሁለት ትምህርቶች

የመጀመሪያው የአሜሪካ የጤና መድን መመዝገቢያ ፖርታል ጉዳይ ነው። ፖርታሉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ለሕዝብ ሲከፈት ከፍተኛ መጨናነቅ ገጠመው፤ በመጀመሪያው ዕለት ምዝገባቸውን ያጠናቀቁት 6 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ በኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶች አሳይተዋል። ከችግሮቹ አንዱና ዋነኛው በመግቢያው ክፍል ላይ ነበር። ማንኛውም ሰው የመድን ዓይነቶችን ዋጋ ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት ይገደድ ስለነበር ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጠባብ በር ላይ ተከማቸ። ከበሩ በስተጀርባ ያሉት ሌሎች ክፍሎች ምን ያህል ብቁ እንደሆኑ እንኳ በወቅቱ ማወቅ አልተቻለም።

የጥገናው ሂደት ከስሕተቱ በላይ አስተማሪ ነው። የጥገና ቡድኑ ፖርታሉን እንደገና ከመጀመሪያው አልገነባውም። የእያንዳንዱን ክፍል የሥራ ሁኔታ በየደቂቃው የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ተክሏል፤ እክሎችን በአንድ ዝርዝር አሰባስቦ ብዙ ሰው የሚያግደውን በቅድሚያ መፍታት ያዘ። በመጀመሪያው የምዝገባ ዘመን ማብቂያ በፌዴራልና በክልል ገበያዎች የተመዘገበው ሰው ቁጥር ከ8 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ሌላም ሊጠቀስ የሚገባው ውሳኔ ነበር። የምዝገባው ጊዜ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2014 ሲያበቃ፣ ከዚያ በፊት ማመልከት ጀምረው ላልጨረሱ ሰዎች ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ማለትም የሥርዓቱ መታወክ የተገልጋዩን መብት እንዳያሳጣው ተደርጓል።

ሁለተኛው ጉዳይ የደኅንነት ነው። ብራውዝአላውድ የተባለው የጋራ ክፍል የድረ ገጽን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሲሆን፣ ማየት ወይም ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች ታስቦ በብዙ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ተተክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2018 ያልታወቁ ሰዎች የዚህን ክፍል አንድ ፋይል በመለወጥ፣ ገጹን የጎበኘ ሰው ኮምፒዩተር ሳያውቀው ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት እንዲሠራ አደረጉ። ጉዳቱ ከ4,000 በላይ ድረ ገጾችን አዳርሷል። ከእነዚህም መካከል የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይገኝበታል። አጥቂዎቹ እነዚያን ሁሉ ድረ ገጾች አንድ በአንድ መስበር አላስፈለጋቸውም፤ ሁሉም የሚጠቀሙበትን አንድ ክፍል መለወጥ በቂ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ አደጋ መከላከያው ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ክፍል እንደታሸገ ፖስታ የራሱ ማኅተም እንዲኖረው ይደረጋል። ብራውዘሩ ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ማኅተሙን ከተመዘገበው ጋር ያነጻጽራል፤ ፋይሉ በአንዲት ፊደል እንኳ ተለውጦ ከተገኘ አይከፍተውም። ተቋማት ከውጭ በወሰዷቸው ክፍሎች ላይ ይህን ጥበቃ ማድረጋቸው ለዜጋው የማይታይ፣ ነገር ግን ዜጋውን በቀጥታ የሚጠብቅ ተግባር ነው።

በእኛ አገር ነባራዊ ሁኔታ

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀ የጋራ ክፍል ወደ አገራችን ሲመጣ ከአገሩ ልማድ ጋር የማይገጥምባቸው አራት ነጥቦች ለይተው ሊታወቁ ይገባል።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የቀን መሙያው በአሥራ ሁለት ወራት ስሌት የተሠራ ከሆነ በጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። አሥራ ሦስተኛውን ወር የሚያውቅ ቢሆን እንኳ ጳጉሜን በየዓመቱ 5 ቀን ብቻ ነው ብሎ ከወሰደ፣ በየአራት ዓመቱ የሚመጣውን ጳጉሜን 6ን አይቀበልም። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፤ ቀጣዩ 2019 ዓ.ም. ነው። የበለጠ ሥውር የሆነው ስሕተት ደግሞ በልዩነቱ ስሌት ላይ ይታያል። ከአውሮፓውያን አቆጣጠር ጋር ያለን ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። በመሆኑም በጥር 1985 ዓ.ም. የተወለደች ሰው የልደት ዓመቷ በአውሮፓውያን 1993 ነው። ሁልጊዜ 7 ብቻ የሚደምር ክፍል ግን 1992 ብሎ ይመዘግባታል። ስሕተቱ በዕለቱ አይታወቅም። ፓስፖርቷና የትምህርት ማስረጃዋ ሳይመሳሰሉ በሚቀሩበት ቀን ግን ይከሰታል።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ኢትዮጵያዊ ስም ከራስ፣ ከአባትና ከአያት ስም የተዋቀረ እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ያለው አይደለም። ሁለት ቦታ ብቻ ያለው መሙያ የአያትን ስም ወይ ያስቀራል፣ ወይ ከአባት ስም ጋር ያጣብቃል። በዚህ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች አሉ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያየ መለያ ያላቸው የተለያዩ ቃላት ናቸው። የስም ማመሳከሪያው ክፍል ይህን ግምት ውስጥ ሳያስገባ ከተሠራ፣ ትክክለኛው ባለመብት «መረጃዎ አልተገኘም» የሚል መልስ ሊደርሰው ይችላል።

ሦስተኛው የፊደል መጠን ነው። በስፋት በሚሠራበት የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የመሙያው ወሰን በፊደል ሳይሆን በባይት ተለክቶ 60 ላይ ከተገደበ፣ በላቲን 60 ፊደል የሚቀበለው ቦታ በአማርኛ 20 ፊደል ብቻ ይቀበላል። አድራሻውን በአማርኛ የጻፈ ተገልጋይ ጽሑፉ መሐል ላይ ሲቆረጥበት ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

አራተኛው የስልክ ቁጥር ነው። ለረጅም ጊዜ የአገራችን የሞባይል ቁጥሮች በ09 ይጀምሩ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፍ አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ተጨመሩ። ከዚያ በፊት የተጻፈና ያልታደሰ የማረጋገጫ ክፍል ግን በ07 የሚጀምረውን ቁጥር «ልክ ያልሆነ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። እዚህ ላይ ክፍሉ ሲሠራ ትክክል ነበር፤ አካባቢው ተለወጠ እንጂ። ስለዚህ የጋራ ክፍል አንዴ ተፈትሾ የሚተው ሳይሆን በየጊዜው የሚመረመር ነው።

እክሉ የት እንዳለ መለየት

የባለሙያዎች ዘዴ በመሠረቱ ቀላል ነው፤ እክሉን ደግሞ ማስከሰት፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሞከር፣ ከዚያም ምክንያቱን ማጥበብ ነው። ተገልጋዩም ያለ ምንም የቴክኒክ እውቀት የዚህን ሥራ ግማሽ በሚከተለው መንገድ ማከናወን ይችላል።

በቅድሚያ በዚያው ስልክ ሌላ ማንኛውም ድረ ገጽ መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ካልተከፈተ ችግሩ የኔትወርክ ነው። ሌሎች ገጾች እየተከፈቱ ፖርታሉ ብቻ ጨርሶ ካልተከፈተ ችግሩ በሰርቨሩ በኩል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ፖርታሉ ተከፍቶ አንድ መሙያ ብቻ አልሠራ ካለ ያንኑ በሌላ ብራውዘር ወይም በሌላ ስልክ መሞከር ይገባል። በሌላው ከሠራ ምክንያቱ ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠው ያረጀ የገጹ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል፣ የብራውዘሩን ጊዜያዊ ፋይሎች ማጽዳት ወይም ብራውዘሩን ማደስ በአብዛኛው ይፈታዋል።

በሁለት ስልክ ላይ ተመሳሳይ ስሕተት ከታየ ያንኑ ዓይነት መሙያ በሌላ አገልግሎት ላይ መመልከት ጠቃሚ ነው። በሁለተኛው አገልግሎትም የልደት ቀኑ በተመሳሳይ መልእክት ከተመለሰ እክሉ በጋራ ክፍሉ ላይ ስለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ ግን የዚያ አገልግሎት የራሱ ጉዳይ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። ክፍያ ላይ ገጹ ከቆመ የ«ክፈል» ምልክቱን ደጋግሞ ከመጫን በፊት ገንዘቡ ከሒሳብ መቀነሱን ማረጋገጥ ይገባል፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ሊከፈል ይችላል። እንዲሁም እክል በበዛ ጊዜ «ጉዳይዎን እኔ አስጨርሳለሁ» የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ። የይለፍ ቃልንም ሆነ በስልክ የሚደርስ የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ኮድን ለማንም መስጠት አይገባም፤ የተቋሙ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰውም ቢሆን።

ጥቆማው ምን ይያዝ?

«ሲስተሙ አይሠራም» የሚል ጥቆማ ለባለሙያው ፍንጭ አይሰጠውም። ጠቃሚ ጥቆማ አራት ነገሮችን ይይዛል፤ የትኛው አገልግሎትና የትኛው ገጽ እንደሆነ፣ በየትኛው መሙያ ላይ ምን ዓይነት መረጃ እንደገባ፣ የታየው የስሕተት መልእክት ቃል በቃል ምን እንደሚል፣ እንዲሁም ቀኑና ሰዓቱ። የስልኩና የብራውዘሩ ዓይነት ቢጨመር የተሻለ ነው። ለአብነት «የልደት ቀን መሙያው ጳጉሜን ያለበትን ቀን አይቀበልም፤ በሁለት ስልክ ሞክሬ ተመሳሳይ መልእክት አይቻለሁ» የሚል ሁለት መስመር ባለሙያውን በቀጥታ ወደ ተበላሸው ክፍል ይመራዋል።

የስክሪኑን ምስል መላክ ጠቃሚ ቢሆንም በምስሉ ላይ የሚታየውን የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የማረጋገጫ ኮድ አስቀድሞ መሸፈን ያስፈልጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚይዝ አካል ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዘው ግዴታ ይጥላል። ሆኖም ከመጀመሪያው ሳይላክ የቀረ መረጃ የበለጠ የተጠበቀ ነው። የማመልከቻ ጊዜ ገደብ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበትን ምስል ለራስ ማስቀረት ተገልጋዩ በጊዜው መሞከሩን የሚያስረዳ ማስረጃ ይሆነዋል።

የተቋማት ድርሻና የሚቀረው ጥያቄ

አንዳንዶች ከላይ የተነሱትን አደጋዎች አይተው እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ክፍል ለየብቻው ቢሠራ ይሻላል የሚል አስተያየት ያነሳሉ። ሐሳቡ መነሻ አለው። ለየብቻ በተሠራ ቤት የአንዱ እሳት ወደ ሌላው አይዛመትም። ነገር ግን የጳጉሜን ስሕተት በአሥር ተቋማት አሥር ጊዜ ይሠራል፤ አሥር ጊዜ ይጠቆማል፤ ከአሥሩም ምናልባት ግማሾቹ ብቻ ያርሙታል። በጋራ ክፍል ግን አንድ እርማት ለሁሉ ይደርሳል። የብሪታንያ መንግሥት የጋራ የዲዛይን ሥርዓት ተሞክሮ ይህን ያሳያል። የቁጥር መሙያው አንዳንድ ሰዎች ገጹን ወደ ታች ሲያንሸራትቱ ሳያውቁት ያስገቡትን ቁጥር ሊለውጥባቸው እንደሚችል በመታወቁ፣ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ክፍሉን በሌላ አሠራር ተክቶታል። የቀን መሙያቸውም ከሰሌዳ ላይ ከሚያስመርጥ ይልቅ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ቦታ የሚጻፍበት ነው።

ይሁንና እርማት መሠራቱ ብቻውን በቂ አይደለም። የጋራ ክፍሉ ሲታረም አሮጌውን ቅጂ የተከሉ ፖርታሎች ወደ አዲሱ ካልተሸጋገሩ ተገልጋዩ ያንኑ ስሕተት ማየቱን ይቀጥላል። «ይህ ችግር ተፈትቷል» ተብሎ የተነገረው ሰው በማግስቱ እዚያው ላይ የሚቆመው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ የጋራ ክፍል በስም የሚታወቅ ኃላፊ አካል ሊኖረው ይገባል። የትኛው ተቋም የትኛውን ቅጂ እንደሚጠቀም በአንድ መዝገብ መያዝ አለበት። ማንኛውም ክፍል ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም በጳጉሜን 6፣ በሦስት ስም፣ በግዕዝ ፊደልና በ07 ቁጥር መፈተሽ ይኖርበታል።

ከቴክኒኩ ባሻገር የመርሕ ጥያቄም አለ። የጋራ ክፍል በታወከ ጊዜ ማስታወቂያው በፖርታሉ ፊት ላይ ወዲያውኑ ሊለጠፍ፣ የመስኮት አማራጭ ክፍት ሊሆንና ያለፈው ጊዜ ገደብ በግልጽ ውሳኔ ሊካካስ ይገባል። ይህ ችሮታ ተደርጎ የሚወሰድ አይደለም። ዜጋው ስክሪኑን የመረጠው ወይም የተመራበት አገልግሎቱ ይቀልለታል ተብሎ ነው፤ ስለዚህ የስክሪኑን ጉድለት ዋጋ እርሱ ሊከፍል አይገባም።

ለማጠቃለል፣ የኦንላይን አገልግሎት አስተማማኝነት የሚወሰነው እክል ፈጽሞ ባለመኖሩ አይደለም፤ እክሉ በፍጥነት በመታወቁ፣ በትክክለኛው ቦታ በመታረሙና እርማቱ ለሁሉ በመድረሱ ነው። ከዚህ አንጻር በአንድ መሙያ ላይ የተቸገረ ተገልጋይ ጉዳዩን ትቶ ከመሄድ ይልቅ ለአገልግሎት ሰጪው ተቋም በዝርዝር ቢያሳውቅ፣ ጥቅሙ ከእርሱ አልፎ በዚያው መሙያ ላይ ለቆሙት ለማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ይተርፋል።